የኖራ አቃጣዩ ልጅ

ባለፈው ማክሰኞ ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አዲስ ካፌ በሚሠራበት ጥግ አንድ ደገኛ ጎልማሳ በግማሽ በርሜል ውስጥ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲያጠጣ ደረስኩ። አጥሩን ነጭ ሊቀባበት ነው። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይንቋቋል፤ ከዚያ ከሥሩ እሳት ሳይኖር ይፈላል። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ዝናብ በጋለ ድንጋይ ላይ ሲወርድ የሚሸተው ሽታ ነው፣ ብቻ ትንሽ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሰውየው በተሰባበረ ሶማልኛ ራቅ እንድል ነገረኝ፤ ዓይን ያጠፋል አለ። እኔም በአማርኛ ውሃውን ቀስ እያለ እንዲያፈስ፣ እሱም ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ እንዲቆም መከርኩት። አካፋውን እንደያዘ ቀረ። ይህቺ ድሪዕ የለበሰች የሐርጌሳ አሮጊት አማርኛውንም ኖራውንም ከየት አመጣችው ሳይል አይቀርም። ፈገግ ብዬ አልፌው ሄድኩ፤ እቤቴ እስክደርስ ግን እግሬ እንጂ ልቤ አብሮኝ አልነበረም።

ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ሐርጌሳ ጣሪያ አልነበራትም። ዛሬ ባለመስታወት ፎቅ ሥር ሻሂ ለሚጠጡት ወጣቶች ይህን ስነግራቸው የማጋንን ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ጦርነት ከተማዋ ስትደበደብ ሸሽተን፣ ድንበር ማዶ በሸራ ከተማ ዓመታት ቆይተን ስንመለስ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በርና መስኮቱ ተወስዶ፣ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ጠበቀን። ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሲያዩዋት ከተማዋ ክዳናቸው የጠፋ ሣጥኖች የተደረደሩባት መጋዘን ትመስል ነበር። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሦስት ፍየል ዋጋ ያወጣል፤ እሱም የበርበራ መንገድ ሰላም ከዋለ ነው። ለድሪዕ የሚሆን ስስ ጨርቅ ስለጠፋ ወጣቶቹ ሴቶች ሁሉ እንደ አያቶቻችን ጉንቲኖ በአንድ ትከሻችን ላይ ቋጥረን እንሄዳለን፤ ደግሞም አምሮብን ነበር። ድሮ ጨርቅ ሻጮች ይቀመጡበት በነበረው ማዕዘን፣ አንዲት ሴት በተቃጠለ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ሻሂ ታፈላለች። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቴፕ ነበራት። ካሴቷ አንድ ብቻ ነው፤ ክሩ ከመለጠጡ የተነሣ ወጣቱ ዘፋኝ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። እኛ ግን ዘፈኑን በቃላችን ስለምናውቀው፣ ድምፁ በሚጠፋበት ቦታ ሁሉ እየተቀበልን እንሞላለት ነበር።

የምኖረው ከባሌ እናት ጋር ነበር። ባሌ ማህዲ አስተማሪ ነበር፤ በመጀመሪያው ድብደባ ሞቶ ቀረ። እናቱን ሰው ሁሉ ሆዮ አምበሮ ይላታል፤ ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። አዋላጅ ናት። ረጅም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ስለ አንድ ሰው ሲነግሯት ከስሙ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ የምትጠይቅ ሴት። ቤተሰቧ ባለ ግመል ነው። እጁን አቆሽሾ የሚበላ ሰው በዚያ ቤት ብዙ እንደማይከበር ገና ሳልገባ ሰምቼ ነበር፤ ጥፋቴም የጀመረው ከዚያ ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ዩሱፍ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ ኖራ አቃጣይ ነበር፤ እሳቱ ቅንድቡን የወሰደበት፣ እጁ እንደ ደረቀ ማሳ የተሰነጣጠቀ ሰው። ስሜ ሩቂያ ሆኖ ሳለ፣ ትምህርት ቤት ልጆቹ "ዱቄት" ነበር የሚሉኝ። ማህዲ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ ጨርቅ ነጋዴውን አጎቴን አባቴ ነው ብዬ አቀረብኩ። ኒካው ሲታሰር አጎቴ በአባቴ ቦታ ተቀመጠ። አባቴ እሳት አንድጃለሁ፣ ትቼው አልመጣም ብሎ ቀረ። እሳት አልነበረውም። ያን ሳምንት ምድጃው ቀዝቃዛ እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን።

ሆዮ አምበሮ ዕድሜዋን የሠራችበት የወሊድ ቤት በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ግድግዳው የክንድ ውፍረት አለው፤ በየመስኮቱ አናት ላይ ቀይ ሸክላ በቅስት ተደርድሮበታል። የኋላው ግድግዳ መድፍ መትቶት ወደ ውጭ አብጦ ነበር። እሷም ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥራ፣ አሸዋ ባዘለ ነፋስ መሐል ታዋልዳለች። ከዐረብ አገር የተመለሰ ጅብሪል የሚባል የግንባታ ሰው ነበር፤ ሜትር ከቀበቶው፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው ሲሚንቶን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በግራሩ ሥር ተሰብስበው ሲጠይቁት፣ ድንጋዮቹ በጭቃ ነው የተያያዙት፣ ሲሚንቶ ደግሞ የለም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ወድቆ እናትና ልጅ ይገድላል አለ። አፍርሰን ድንጋዩን ቤት ለሌላቸው እናከፋፍል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ሰውም ራሱን ነቀነቀ።

እኔ የሄድኩት የሆዮ አምበሮን ቦርሳ ይዤ ነው። ሴት በዚያ ስብሰባ አትናገርም፤ እሷም የተጠራችው አዋላጅ ስለሆነች ነው። ሲነጋገሩ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ ስንጥቁን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። አልፈረሰም። ጠጋ ብዬ ሳየው ውስጡ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ነጥቦች አሉበት። አንዱን ፈልፍዬ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። እነዚያን ፍሬዎች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ በደንብ ያልሟሙ የኖራ ቅንጣቶች ናቸው። አባቴ "የሰነፍ ሠራተኛ ምስክር" ይላቸው ነበር።

"ጭቃ አይደለም፤ ኖራ ነው" አልኩ፤ ድምፄን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ጅብሪል ዞሮ እንዴት እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። ጢሙን በሂና ያቀላው ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ኖራ ከየት ይገዛል አለ። አይገዛም፣ ከድንጋይ ይቃጠላል፣ እኔ አቃጥለዋለሁ አልኩ። ማን አስተማረሽ አለኝ። ሆዮ አምበሮ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሕንፃውን አየሁ፤ እሷን አየሁ።

"አባቴ" አልኩ። "አባቴ ነጋዴ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ኖራ አቃጣይ ነው።"

 ሽማግሌው ጥቂት አሰበና እስከ ዝናቡ ጊዜ ሰጠን፤ ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀርቶት ነበር። ሆዮ አምበሮ ተነሣች፤ ቦርሳዋን ከእጄ ወስዳ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት "ብዪ" እና "ተነሺ" ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም።

ኖራ ማቃጠል አውቃለሁ፤ መገንባት ግን አላውቅም። ግንበኛው ጋሽ አያሌው ነበር። የጎንደር ሰው ነው፤ አባቱና አያቱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲጠግኑ የኖሩ፣ እሱ ግን ወታደር ሆኖ፣ ጦሩ ሲበተን በስደት ወደ እኛ ሸራ ከተማ ደርሶ፣ ከእኛው ጋር ሐርጌሳ የገባ። ክር ያንጠለጠለውን መስቀሉን ከሸሚዙ ሥር ይይዘዋል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ የግመል ወተት እንቢ ሲል ሴቶቹ ሆዱን የሚያመው መስሏቸው መድኃኒት ቀቅለው ያመጡለት ነበር፤ አመስግኖ ይጠጣዋል። እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ስለ ወሊድ ቤቱ ነግሬው ኖራ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ መዶሻውን አስቀመጠ።

"እህቴ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ" አለኝ።

ድንጋይ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ኮረብታዎቹ ፈንጂ ተቀብሮባቸዋል፤ ከመንገድ ወጥቶ እግሩን ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ ውሃ የሚያመላልሱት አህዮች በየቀኑ ከሚረግጡት ዱካ ሳንወጣ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎርፍ ያመጣውን ነጭ ድንጋይ እየለቀምን ሰበሰብን። አባቴ እንዳሳየኝ በእያንዳንዱ ላይ የሎሚ ጠብታ አደርጋለሁ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ይሆናል፣ ካላወጣ ይጣላል። በወንዙ ዳር ጉድጓድ ቆፍረን ደረደርነው። ከተቃጠሉ መኪናዎች የተረፈ ሳንቃና የግራር ጉቶ ሰብስበን እሳት ለኮስን። እኔ ግን ዝናቡን ፈራሁ። አባቴ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የሚያነደውን በሁለት ቀን አቆምኩት። ከፍተን ውሃ ስናፈስበት ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ውሃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ፤ ድንጋይ ነበርና። ጅብሪል መጥቶ አየ፤ አንዱን ድንጋይ በእግሩ ገልብጦ ተመለሰ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ማገዶው አልቋል፤ ከሽማግሌዎቹ ግራር በቀር በከተማዋ ዙሪያ የቀረ ዛፍ የለም።

በማግስቱ ጠዋት አመዱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ሆዮ አምበሮ አህያ እየነዳች መጣች። አህያዋ የተጫነችው ረጃጅም የጎበጡ እንጨቶችን ነው። አወቅኳቸው። የሙሽርነት ጎጆዋ ማገሮች ናቸው፤ እናቷ ናት የሰጠቻት። በስደት ስንወጣ ልብሷን ትታ እነሱን ነው የጫነችው፤ በሸራ ከተማው ሁላችን ከሥራቸው ተኝተናል።

"ይህ ይነዳል?" አለች።

የሰርግ ቤቷ መሆኑን ነገርኳት፤ እንደማታውቅ ሁሉ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ አለች።

"ሆዮ፣ ዋሽቼሻለሁ።"

"ዋሽተሻል።" ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እኔ አርባ ዓመት እጄን ደም ውስጥ ከትቼ የሰው ልጅ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ይህ የእጅ ሥራ አይደለም? አባትሽ እጁን እሳት ውስጥ ቢከት ምኑ አሳፈረሽ?" አጎንብሼ አመዱን በእንጨት ጫርኩ። እንጨቱን እያየች፣ "እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው" አለች፤ "ልጁን ሲድር ያልተጠራው ሰው።" ከዚያ ተነሥታ እንጨቱን ራሷ ማራገፍ ጀመረች።

ይህ ወሬ ከሻሂዋ ማዕዘን ተነሥቶ ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አዋላጇ የሙሽራ ቤቷን ለእሳት ሰጠች ሲባል ማን ዝም ይላል? የተሰበረ አልጋ መጣ፣ የጉድጓድ ወጋግራ መጣ፣ ሻሂ አፍዪዋ ጥላ የሚሆናትን የመኪናዋን የመጨረሻ ሳንቃ ነቅላ አመጣች። ሁለተኛው እሳት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሙሉ ነደደ። አልቸኮልኩም። ቀይ የነበረው ነበልባል የገብስ ገለባ ሲመስል አየሁና ደረስን አልኩ። ሲበርድ አንዱን አነሣሁ፤ ክብደቱ በግማሽ ቀልሏል። ሁለቱን ሳጋጫቸው እንደ ሸክላ ድስት ጮኹ። ውሃ ስናፈስበት ጉድጓዱ በሙሉ ፈላ፤ ነጭ እንፋሎት ከቤቶቹ በላይ ወጣ፤ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ አያሌው ባርኔጣውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሳምንት ተኝቶ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። በዚያ መሐል ጋሽ አያሌው ውሃ የሚነካው ግድግዳ የሸክላ ዱቄት ያስፈልገዋል ስላለ፣ ከፈረሱ ቤቶች የሸክላ ስብርባሪ ለቅመን ማሽላ በሚወቀጥበት ሙቀጫ መውቀጥ ጀመርን። ሠላሳ ሴት፣ ሠላሳ ዘነዘና፤ እጃችንም ፊታችንም ቀይ ሆነ። ዘፈኑን እኛው ነን ያወጣነው፦ "ቤቴ ነበርሽ፣ ዱቄት ሆንሽ፤ ዱቄት ሆይ፣ ዳግም ቤት ሁኚ።" ዛሬም አንዳንድ ሰርግ ላይ ይዘፍኑታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፣ እኔም አልነግራቸውም። ጋሽ አያሌው ያበጠውን ግድግዳ በድጋፍ አስይዞ ድንጋይ በድንጋይ ፈታው፤ በየድንጋዩ ላይ በከሰል ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ ጻፈበት፤ መልሶም በየቦታው አስቀመጠው። ቁጥሮቹ አሁንም እዚያ ግድግዳ ውስጥ አሉ። ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያነባቸው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጅብሪል መጣ። ማንም ሳይጠራው ቱንቢውን ይዞ የግድግዳውን ቀጥ ማለት ይለካ ጀመር። በየማታው ግድግዳውን ለምን እርጥብ ጆንያ እንደምናለብሰው በእኔ አስተርጓሚነት ጋሽ አያሌውን ጠየቀው። ጋሽ አያሌው ኖራ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ነገር ነው፣ ካቻኮሉት ይሰነጠቃል አለው። ጅብሪል እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ይህን እጁ ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ወዲያ ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።

ዝናቡ ግድግዳው ካለቀ በሦስተኛው ሳምንት ከቀትር በኋላ መጣ። እንደዚያ ያለ ዝናብ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጣሪያችን ገና ሸራ ነው። አንዲት ወጣት ምጥ ይዟታል፤ ሆዮ አምበሮም በግቢው ድንኳን ፋንታ አዲሱ ግድግዳ ሥር አስተኛቻት። ሰው እባክሽ አትቸኩዪ ቢላት አልሰማችም። ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ መንገዱን ሞላ፤ የጭቃ ጎጆዎች አንድ በአንድ ሲደረመሱ ይሰማናል። ውሃው በቀጥታ የኋላውን ግድግዳ እየመታ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል። ጅብሪል ዝናቡ ውስጥ ቆሞ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፏል፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ። ጋሽ አያሌው ከጎኑ ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ የልጅቷን እጅ ይዤ ዓይኔ ከግድግዳው ሥር አልተነቀለም። አንዲት ጠብታ አልሰረገችም።

ከዚያ ልጁ አለቀሰ። ወንድ ነው። ሆዮ አምበሮ ቢስሚላህ ብላ እትብቱን ቆረጠችና አቅፋው ወደ ግድግዳው ሄደች፤ በነፃ እጇ ድንጋዩን መታ መታ አደረገችው። "ደርቋል" አለች።  በውጭ ጅብሪል ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ አልሐምዱሊላህ ሲል ሰማሁት፤ ከጋሽ አያሌው ጋር እዚያው ጎርፉ ውስጥ ተቃቀፉ። ሴቶቹ በዝናቡ ወጥተው ከበዋቸው እልል አሉ። በሕይወቴ ብዙ ሰርግ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ያለ ደስታ ግን አላስታውስም።

ጦርነቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ ይኼኛው በገዛ ሰፈራችን ውስጥ ነበር፣ ስለሱ ብዙ ባልናገር ይሻላል። ጋሽ አያሌውና ጅብሪል ሕንፃውን እንጠብቃለን ብለው ቀሩ። እኔና ሆዮ አምበሮ ሸሽተን ድሬዳዋ አባቴ በር ላይ ደረስን። አባቴ ከሰሌኑ ተነሣ፤ እኔን ስሞ፣ ለእሷ ንጹሕ መቀመጫ ፍለጋ ቤቱን ዞረው። ቤቱ አቧራ ስለሆነ አፈረ።

"ልጅህ ቤቴን አቁማልኛለች" አለችው። "ይህን አቧራ ለምጄዋለሁ።"

አባቴ ፊቱን አዙሮ ረጅም ጊዜ ውሃ ሲቀዳ ቆየ። ያደረግኩትን ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር በሰርግሽ ሳምንት እሳቱን አላጠፋሁትም ነበር ብሎ አቋረጠኝ፤ እስከ መጨረሻው ውሸቱን ስለእኔ ተሸከመው። እኔም ይቅርታዬን እጁን ይዤ ጨረስኩት።

መንገዱ ሲከፈት አብሮን ሐርጌሳ መጣ። አጎቴ ለጉዞው አዲስ ኮት ገዝቶለት ነበር። የወሊድ ቤቱ ግቢ በሰው ተሞላ። ግድግዳው ቆሟል። ግቢው ውስጥ የወደቀ የሞርታር ቅንቡላ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቶበት እንደነበር ጅብሪል ነገረን፤ ዝናብ ሁለት ጊዜ ሲመላለስባት ኖራው ሟሙቶ ራሱ ሞልቷታል፤ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ቀርታለች። በሲሚንቶ የተጠገኑት ጎረቤት ቤቶች ከዚያው ፍንዳታ ተሰነጣጥቀው ቀርተዋል። ጅብሪል ይህን ሲያሳየን በራሱ ሥራ እንደሚኮራ ሰው ነበር፤ ሥራውም ነበር። ዛሬ ያ ሕንፃ ሙሉ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ሰማያዊ በር ተገጥሞለት፣ አሁንም ሰው ይወለድበታል። ሆዮ አምበሮና ጋሽ አያሌው አልፈዋል፤ ከእነሱ የተማሩ ሴቶች በአያሃና በመሐመድ ሞጌ ሰፈሮች ሳይቀር ግድግዳ ጠግነዋል።

ያን ዕለት ግን ሁሉም ነበሩ። ሆዮ አምበሮ አባቴን በክንዱ ይዛ በሽማግሌዎቹ ፊት አቆመችው። ማንም የማን ልጅ ነው ብሎ ሳይጠይቃት፣ በትልቁ ድምጿ፣ "ይህ የሩቂያ አባት ዩሱፍ ነው" አለች። "ኖራ አቃጣይ ነው።"

ጢመ ቀዩ ሽማግሌ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት። አባቴ አልተቀመጠም። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ነጯን መስመር በጥፍሩ ዳሰሳት፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የምናቃጥልበትን ጉድጓድ እንድናሳየው ጠየቀ። ሴቶቹ ለአዲስ እሳት ድንጋይ እየደረደሩ ነበር። ከላይ ሆኖ ብዙ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ።

"ትላልቁን ከላይ ነው ያደረጋችሁት" አለኝ። "እንዲህማ አይበስልም።"

አዲሱን ኮት አወለቀ። የሚያስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ሲፈልግ ሆዮ አምበሮ ክንዷን ዘረጋችለት። ኮቱን ክንዷ ላይ አኖረና እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።